አባቴና የማያውቃቸው ዕቃዎች

ታላቅ እህቴ ቤት ማሳመር ትወዳለች። እግዜር ይይላት እንጂ ምን እላታለሁ! አባታችን አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ እኔ ካጠገቡ ሳልነሳ ስከርም፣ እዚያው አዲስ አበባ የምትኖረው እሷ አባቷን እንደማስታመም ድሬዳዋ ወረደችና የተወለድንበትን ቤት ከግድግዳው እስከ ማንኪያው ቀየረችው። "ለአባባ ሰርፕራይዝ አለኝ፤ ምንም እንዳትነግሪው" አለችኝ በስልክ። እኔ ራሴ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ምኑን ልንገረው? ሰርፕራይዙስ ሰርፕራይዝ ነበር። አባቴ ድኖ ሲመለስ ዕድሜ ልኩን ሲገባበትና ሲወጣበት የኖረው ደጃፍ ላይ ቆሞ "ይሄ የማን ቤት ነው?" አለን።

ሕመሙ የጀመረው በትኩሳት ነው። ድሬ ላይ አንድ ሰው ትኩሳት ያዘው ከተባለ ከተማው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ ደንጊ ነው ይላል፣ አንዱ ወባ ነው ይላል፣ አንዱ ደግሞ ሙቀቱ ነው፣ ሐብሐብ አብሉት ይላል። አባቴ ከባቡር ጥገና ክፍል በጡረታ የወጣ የቶርኖ ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜውን ብረት ሲቆርጥና ሲሞርድ የኖረ፣ ራስ ምታት እንኳ የማያውቅ ሰው። ሐብሐቡን በላ። በነጋታው ጫማውን እጁ ላይ ሊያጠልቅ ሲታገል አገኘሁት፤ ከሰዓት በኋላ ራሱን ስቶ ወደቀ። እዚህ ያሉት ሐኪሞች ቶሎ ወደ አዲስ አበባ ውሰዱት አሉ፤ ወሰድነው። አንጎሉ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ኖሯል።

ተረፈ፤ ተመስገን። ነቅቶ ሲቀመጥ ያው አባቴ ነው። ይቀልዳል፣ ይራመዳል፣ ይበላል። እኔን ያውቀኛል፤ የድሮውን የናፍጣ ባቡር ሞተር እንዴት እንደሚፈታና እንደሚገጠም ብሎን በብሎን ይተርክልኛል። የሆስፒታሉን ብርቱካንማ ኩባያ ግን ባየው ቁጥር አዲስ ይሆንበታል። ጠዋት ጠጥቶበት ያስቀመጠውን ከምሳ በኋላ አንስቶ ያገላብጠውና "ይሄ ደግሞ የማን ነው?" ይላል። ኩባያ መሆኑን ያውቃል። ያንን ኩባያ ከዚህ በፊት አይቶት እንደነበር ነው የማያውቀው። መጀመሪያ ላይ የሚቀልድ መስሎኝ አብሬው ስቄያለሁ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ቢሆንም ለሰው በሚገባ ቋንቋ መናገር ይችልበታል። ጣቱን ከጆሮዬ በላይ አድርጎ አሳየኝ። "ከዚህ ወደ ውስጥ ገባ ሲባል አንድ የአንጎል ክፍል አለ። አንድን ዕቃ ስናይ፣ ይሄን አይቼዋለሁ ወይም አላየሁትም ብሎ የሚለይልን እሱ ነው። ከጎኑ ሂፖካምፐስ የሚባል አለ፤ እሱ ደግሞ ዕቃውን የት እንዳየነው፣ መቼ እንዳየነው አብሮ ያያይዛል። ትዝታው ግን እዚያ ተቀምጦ አይቀርም። ቀስ በቀስ፣ በተለይ ስንተኛ፣ ወደ ላይኛው የአንጎል ሽፋን ይተላለፍና ይረጋል። አንዴ ከረጋ በኋላ እነዚህ ክፍሎች ቢጎዱም ብዙውን ጊዜ አይጠፋም።"

"የአባቴስ?" አልኩት።

"የድሮው ረግቷል፤ አለ። የተጎዳው አዲሱን የሚያረጋው ክፍል ነው። ወተቱ ይገባል፣ እርጎ ግን አይሆንም።" ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "አትደንግጪ። ቤቱ ይግባ። የድሮ አልጋው፣ የድሮ ወንበሩ፣ የድሮ ኩባያው መሃል ከሆነ ብዙ አይቸገርም። ብቻ ምንም ነገር አትቀይሩበት።"

ምንም ነገር አትቀይሩበት! ይሄ ምክር ለእኔ ሲነገረኝ እህቴ የአባቴን የሽቦ አልጋ ለብረት ሰብሳቢ አስረክባ፣ ልብሱንና ጫማውን ለልዋጭ ሰጥታ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀብላ ጨርሳለች። ሳፋው ዛሬም አለ። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ድሬ የገባን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ደጃችን ላይ ተሰብስቧል። እህቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ እልልታውን ታቀልጠዋለች። አረንጓዴው የቆርቆሮ በር የለም። በቦታው ወርቃማ አበባ የተለጠፈበት ጥቁር የብረት በር ቆሟል፤ ሚኒስትር የሚወጣበት እንጂ ጡረተኛ የሚገባበት አይመስልም። አባቴ ክንዴን ያዝ አደረገና ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ "የማን ሰርግ ነው?" አለኝ።

ውስጡንማ ምን ብዬ ልንገራችሁ! ኮርኒሱ በጂፕሰም ተሠርቶ ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት ይንቦገቦግበታል። በድሬ ሙቀት የቬልቬት ሶፋ፣ ያውም ፕላስቲኩ ሳይነሳለት፤ ሰው ሲቀመጥ ላቡ ያጣብቀዋል፣ ሲነሳ ቆዳው ተልጦ የቀረ ይመስለዋል። መሃል ላይ ማዕዘኑ ቅልጥም የሚሰብር የመስታወት ጠረጴዛ። አባቴ ሲቀመጥበት የኖረው በላስቲክ ገመድ የተጠላለፈ የብረት ወንበር የለም። ራሱ በቶርኖ ያወጣው የመብራት ማቆሚያ የለም። እናቴ በሕይወት ሳለች የገዛችው ሰማያዊ ማንቆርቆሪያ የለም። የእናቴ ፎቶ እንኳ ወርቃማ ፍሬም ገብቶለት ሌላ ግድግዳ ላይ ሄዷል። እህቴ ከፊት ከፊት እየሄደች በሩን ትከፍታለች፣ መብራቱን ታበራለች፣ ታጠፋለች፤ አስጎብኚ ሆናለች።

አባቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የቀረበለትን ጭማቂ ጠጣ፣ አመሰገነ። ጥቂት ቆይቶ ተነሳና "በሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ቤታችሁን ይባርክ" አለ። ወደ እኔም ዞሮ "እንሂድ ልጄ፣ እየመሸ ነው" አለኝ። እህቴ ሳቀች። ቀልድ መስሏት። "አባባ፣ ቤትህ እኮ ነው!" ስትለው ፊቱን ቅጭም አድርጎ "ምነው፣ ልታሞኙኝ ነው? ቤቴን አጣዋለሁ?" አላት። ያኔ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ሞኟ ለአባቷ ያለቀሰች መስሎኝ ላቅፋት ስጠጋ "ይሄን ሁሉ ለፍቼ!" ስትል ሰማኋት። እጄን መለስኩ። ሳምንት ሳትቆይ ሥራ አለብኝ ብላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች፤ አባቴንና ሶፋዋን ለእኔ ጥላልኝ።

ከዚያ ጠያቂው ጎረፈ። የኛ ሰው በሽተኛ ሊያይ ሲመጣ ፈታኝ ሆኖ ነው የሚመጣው። ገና ከደጃፍ "አወቅከኝ?" ይላል። "እስቲ ማን ነኝ? በል ንገረኛ!" የድሮ ሰው ከሆነ አባቴ ያውቀዋል፤ ሰውየው ማዕረግ የተሰጠው ያህል ይኮራል። ይሄ አንሶት ደግሞ ዕቃ ማንሳት ይጀምራል። ሪሞቱን ያነሳና "ይሄስ?" ይላል። "ይሄ ሶፋ የማን ነው? መቼ ነው የገዛችሁት?" አባቴ ይጨነቃል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሲያፍር ጊዜ አንዱን ይገምታል። ሲሳሳት እርስ በርስ ይተያዩና ከንፈራቸውን ይመጣሉ። አንዷማ እፊቱ ቆማ "ውይ፣ በቃ እንዲህ ሆኖ ቀረ!" አለች። ጆሮው መቼ ታመመ? እሱ ይሰማል እኮ! እነሱ ከሄዱ በኋላ አንገቱን ደፍቶ "ምን አጥፍቼ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ያመጡትን ሙዝ መብላት አቃተኝ፤ ለጎረቤት ሰጠሁት።

ይሄ ብቻ ቢሆን ችዬ በኖርኩ። ግን ለሱ ቤቱ አይደለማ! አባቴ በሩን ክፍት ባገኘ ቁጥር ቤቱን ፍለጋ ይወጣል። ሰፈሩን አሳምሮ ያውቃል፤ መንገዱ የድሮ ነው። ዞሮ ዞሮ እደጃችን ድረስ ይመጣና ጥቁሩን በር አይቶ ያልፈዋል። ከዚያ ግራ ይገባዋል፤ ምናልባት ማዶ ይሆናል ብሎ ወደ ደረቁ ወንዝ፣ ወደ ደቻቱ ይወርዳል። መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን ጎረቤቴ ከወንዙ አሸዋ መሃል እየጎተተች አመጣችልኝ። ድሬ ላይ ጠብታ የለም፤ ላይ ተራራው ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። ደቻቱ ደግሞ ሲመጣ ተጠንቀቁ ብሎ አይመጣም።

"አቦ አንቺ፣ ወላሂ ልቤ ወጣች!" አለችኝ እያለከለከች። "ጋሼ የት ነው ስለው፣ ቤቴ ይለኛል። ቤትህ በዚያ ነው ስለው፣ ያ የኔ አይደለም ይለኛል። በእጄ ጎትቼ ነው ያመጣሁት።" ጎረቤቴ ኦሮሞ ናት፤ ልጆች ሳለን ጀምሮ ግድግዳ ተጋርተን ነው የኖርነው። አባቴ ውኃ ሲጠጣ እያየች ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። ብዙም ሳይቆይ ጎርፉ እያጓራ ሲያልፍ ከቤት ሆነን ሰማነው።

ለእህቴ ደወልኩላት። ትደነግጣለች ብዬ። "ቁልፍ አድርጊበታ!" አለችኝ፤ ስለ ፍየል የምትናገር ነው የምትመስለው። "ካልቻልሽ እኔ ጋ ይምጣ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ከውጭ ይቆለፋል፣ የት ይሄዳል? ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ፤ ሽማግሌ ፊት እንነጋገራለን። እስከዚያ ቤቱን ካላወቀ ይዤው እሄዳለሁ።"

ቤቱን ካላወቀ! ማን ሆነና ቤቱን ያሳጣው? ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ጮህኩ። እሷ ቤት ደግሞ እንኳን ዕቃው፣ ሰፈሩ፣ ሙቀቱ፣ የሰው አነጋገሩ እንግዳ ነው። እዚህ ሲወጣ ቢያንስ መንገዱ ያውቀዋል። እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቆልፎበት "ወደ ቤቴ ውሰዱኝ" እያለ በር ሲደበድብ ታየኝ። እንዲህ ሆኖ ከሚሞት እኔ ልሙት አልኩ።

የድሮዎቹን ዕቃዎች ፍለጋ ብረት ሰብሳቢዎቹ ጋ ዞርኩ። አልጋውም ወንበሩም ተጭኖ ሄዷል፤ ቀልጦ ፌሮ ሆኖ ይሆናል። ለሐኪሙ ደወልኩለትና እያለቀስኩ ነገርኩት። "የሚያረጋው ክፍል አይመለስም፤ ልዋሽሽ አልፈልግም" አለኝ። "ግን ሌላ ዝግ ያለ መንገድ አለ። ብስክሌት መንዳትን፣ የእጅ ሥራን የሚለማመደው ሌላ የአንጎል ክፍል ነው፤ እሱ አልተነካም። አንድ ነገር በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቅደም ተከተል ደጋግመሽ ብታስደርጊው ሰውነቱ ሊለምደው ይችላል። ለወራት ነው የምልሽ። ቢለምድም አውቀዋለሁ አይልሽም። ስለዚህ አትፈትኚው። ከተሳሳተ ስህተቱን ነው የሚለምደው፤ ሳይሳሳት ምሪው። ከዚያ ይተኛ።"

ይተኛ አይደል የተባለው? ለዚህስ ድሬን የሚያህል የለም! ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ፍየሉ ሁሉ ከኒሙ ጥላ ሥር ይጋደማል። እኔም ከዚራ ሰፈር ያለችኝን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ዘግቼ በባጃጅ ቤት እገባለሁ። ምሳ እንበላለን። ከዚያ እጁን ይዤ ከግቢው በር እጀምራለሁ። ያንን የማይረባ ወርቃማ አበባ በጣቱ አስነካዋለሁ። በረንዳውን ወጥተን፣ ጠረጴዛውን በግራ አድርገን፣ መጋረጃውን ገልጠን፣ ከአልጋው እንደርሳለን። ጫማ ከአልጋው ሥር፣ የእጅ ሰዓት ከትራሱ ሥር። "የማን አልጋ ነው?" ይለኛል። "ያንተ ነው" ካልኩት እንጣላለን፤ ስለዚህ "ተኛበት አባባ፣ ምንም አይደል" እለዋለሁ።

ማን ያስተኛው እንጂ! ሸለብ ሊያደርገው ሲል የድሮ የባቡር ጓደኞቹ ይደርሳሉ። ለምን ይዋሻል፣ ይወዱታል። ፍቅራቸው ግን ያለ ጫት አይገለጥም። ዙርባቸውን በብብታቸው ይዘው ይመጡና ቬልቬቱ ላይ ይደረደራሉ፤ አባቴን ቀስቅሰው መሃል ያስቀምጡትና በርጫው ይጀመራል። ምርቃናው ሲመጣ ደግሞ ሁሉም የአንጎል ስፔሻሊስት ነው። አንዱ "አእምሮ ሞተር ነው፤ ካልሠራ ይዝጋል፣ አሠሩት!" ይላል። አንዱ ማር በጥቁር አዝሙድ ያዛል። ሌላው ከኪሱ የቤቱን ቁልፍ ያወጣና "ይቺን ታውቃታለህ?" ይለዋል። የራሱን ቤት ቁልፍ እኮ ነው! አባቴ ከየት ያውቃታል? እንዲህ ሲያደርጉት ውለው ሲመሽ ይሄዳሉ፤ እሱ ዓይኑ እንደፈጠጠ ያነጋል፣ በነጋታው ከዜሮ እንጀምራለን።

አንድ ቀን በቃኝ። በረንዳው ላይ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምኩ። "ጫታችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ" አልኳቸው።

"አቦ ተይን እንጂ! የምናድነው እኛ ነን" አለኝ የማሩ ሰውዬ።

"ስንቱን አዳናችሁ? ይሄን ያህል ዘመን ስትመረቅኑ የናንተው አእምሮ ምን ጨመረ? ጓደኛችሁ ይተኛበት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኑ፤ ያለ ጫት፣ ያለ ፈተና።"

"ይቺ ልጅ ለይቶላታል" ተባባሉ። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤቴ ድምፅ "ሀዬ! ደግ አደረግሽ!" ሲል ተሰማ። አንዳንዶቹ ተቀየሙ፤ ይቀየሙ። ሁለቱ ግን በአሥራ አንድ ሰዓት ባዶ እጃቸውን መጡ። ያለ ጫት ወሬ የላቸውም፤ አባቴ አጠገብ ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ይሄዳሉ። ጠያቂውንም በር ላይ እያስቆምኩ "እኔ እገሌ ነኝ ብለህ ግባ፤ አወቅከኝ ያልክ ለታ ግን ከደጄ አትደርስም" እለው ጀመር። ስሜ በሰፈሩ ጠፋ። ሰው ሲታማ ያስነጥሰዋል ይባላል፤ እኔን ክረምቱን ሙሉ አንዴም አላስነጠሰኝ።

ለውጥ መጣ ወይ? ምን መጣ! ዛሬም "የማን አልጋ ነው?"፣ ነገም "የማን አልጋ ነው?"። አንዳንድ ቀን መጋረጃውን እንደያዝኩ "አባባ፣ ትናንትም እዚሁ ነበርክ!" ብዬ መጮህ ያምረኝ ነበር። አልጮህኩም፤ ወጥ ቤት ገብቼ ሳፋውን በእርግጫ መትቼ እመለሳለሁ። ሐምሌ ውስጥ አንድ ነገር አየሁ። ቅልጥሙ ላይ በጠረጴዛው ምክንያት የማይጠፋው ቁስል ደርቋል። ሲራመድ ልብ ብዬ ተከታተልኩት፤ ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ እኔ ሳልነካው ሰውነቱን ዘንበል አድርጎ አለፈ። እያለፈም "ይሄን ጠረጴዛ ደግሞ ማን አመጣው?" አለኝ። ለጎረቤቴ በግድግዳው ላይ ነገርኳት። ለእህቴ አልነገርኳትም፤ ጠረጴዛዬ ወደደው ብላ ትኩራራብኝ ነበር።

በእንቁጣጣሽ ማግስት እህቴ መጣች። ሻንጣዋ ትልቅ ነው፣ የአባቴን ልብስ ልታጭቅበት ባዶውን ነው ያመጣችው። ሁለት ሽማግሌ አስጠራች፤ የአባቴን የንስሐ አባትና የጎረቤቴን ባል፣ ሐጂውን። ሁሉም ሶፋው ላይ ተቀመጡ። አባቴ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ መሃላቸው አለ፤ ለሰው ጉዳይ ሽማግሌ ሆኖ የተጠራ መስሎታል፤ አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል።

እህቴ ብድግ አለች። "አባባ" አለች፣ "እርስዎ ይሄን ያውቁታል?" ድሬ ተወልዳ "አንተ" እያለች ያደገች ሴት ሽማግሌ ፊት "እርስዎ" መጣላት! ብርጭቆ አነሳች፤ አላውቀውም አለ። ሪሞቱን አሳየችው። ፍሬሙን፣ መጋረጃውን፣ ኮርኒሱን። በመስኮት ወደ በሩ ጠቆመችው። አባቴ በየተራው አየና አዘነ። "የኔ እህት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ቤታችሁ ያምራል፤ ግን እንግዳ ነኝ" አላት።

የኔ እህት አላት። ከወለዳት ጀምሮ ያውቃታል፤ አዲሱ የፀጉሯ ቀለምና አዲሱ መነጽሯ ነው መሰለኝ ያሳታት። እህቴ ቶሎ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። "ይኸው! አያችሁ? እኔንም ረሳኝ። እዚህ ምን ቀረው?"

ቄሱ በሐዘን ወደ እኔ አዩ። ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ልናገር አፌን ስከፍት ሐጂው ቀደሙኝ። ጢማቸውን እየዳበሱ "እንግዲህ ልጆቹ ከተስማማችሁ፣ እኛ ምን እንላለን..." ማለት ጀመሩ። እህቴ ሻንጣዋን በዓይኗ ፈለገች። ሁሉ ነገር ያለቀ መሰለኝ።

ጊዜው እኩለ ቀን አልፎ ነበር። ውጪ ድምፅ የለም። አባቴ ቁና ቁና ሲተነፍስ ቆየና እጁን ጉልበቱ ላይ ደግፎ ተነሳ። "አይዟችሁ፣ ቀጥሉ፤ እኔ ትንሽ ደክሞኛል" አለ። እህቴ ልትከተለው ስትል ክንዷን ጨምድጄ ያዝኳት። "አትንኪው!" አልኳት። ጠረጴዛውን በግራው አድርጎ ማዕዘኗን ዘንበል ብሎ አለፋት። ብዙ መጋረጃ አለ፤ እህቴ የመጋረጃ ነገር አይሆንላትም። እሱ ግን ያንን አንዱን ገለጠ። ሁላችንም ተነስተን ከኋላው ቆምን። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር ገፋው። ሰዓቱን ፈታና ሳያይ ከትራሱ ሥር ከተተው።

ጎረቤቴ ከበረንዳው በኩል "ያ ረቢ!" አለች። እህቴ "እርስዎ"ው ጠፍቶባት "አባባ! አልጋህን አወቅከው! የማን ነው? በል፣ የማን አልጋ ነው?" ብላ ጮኸች።

አባቴ ደነገጠ። ሲሰርቅ የተያዘ ያህል አፈረ። "እኔ እንጃ" አለ። "የሰው ነው። ባለቤቱ እስኪመጣ ጎኔን ላሳርፍ ብዬ ነው እንጂ፣ እነሳለሁ።"

"ኧረ ይተኙበት!" አሉ ሐጂው። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ቄሱም ወደ እህቴ ዞሩና "ልጄ፣ ሻንጣሽን መልሺ" አሏት። እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። "አያውቀውም እኮ" አለችኝ በቀስታ፤ ያን ለታ ስለ ልፋቷ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። "አዎ፣ አያውቀውም" አልኳት። ይዣቸው ወደ ሳሎን ልመለስ ስል አባቴ ጠራኝ። ዓይኑን ጨፍኗል።

"ልጄ።"

"አቤት፣ አባባ።"

"ባለቤቱ ሲመጣ ቶሎ ቀስቅሺኝ። ሳንባረር በጊዜ ወደ ቤታችን እንሄዳለን።"

"እሺ" አልኩት፤ "እቀሰቅስሃለሁ።" ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።